ዝናቡን ስንከለክል ጭሱን አንከልክለው

ርዕሰ አንቀጽ



ግንቦት ሊጋመስ ነው። ሰኔ ግም ሲል የሁላችንም ዓይን ወደ ኮርኒስ ማንጋጠጡ አይቀርም። በዚህ ሠፈር የጎረቤቱን ማፍሰሻ የማያውቅ ሰው የለም፤ እነእገሌ ቤት ሳሎኑ ጥግ ላይ፣ እነእገሊት ዘንድ ደግሞ አልጋው ራስጌ ላይ ባልዲ እንደሚደቀን እንኳን እኛ ልጆቻችን ያውቁታል። ጣሪያ ማፍሰሱ አዲስ ነገር አይደለምና ስለ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን የማስታወቂያ ሰሌዳ ባላጣበብን ነበር። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው አንድ ለየት ያለ ማፍሰሻ ነው። እሱም የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ቱቦ ቆርቆሮውን ቀድዶ በሚወጣበት ቦታ ላይ ያለው ነው። የሚያስገባው ውሃ ከሌላው በልጦ አይደለም። ውሃውን ለማቆም ብለን የምናደርገው ነገር ከውሃው የባሰ አደጋ የሚያመጣ ሆኖ ስለተገኘ ነው።

እንደሚታወቀው የጋዝ ማሞቂያ በሠፈራችን የቆየ ዕቃ አይደለም። ቡታጋዝ ለወጥና ለሻይ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ማሞቂያ ግን በየግቢው የተለመደው መብራት በጠፋ ቁጥር የኤሌክትሪኩ ቦይለር ባዶ በርሜል እየሆነ ካስቸገረ ወዲህ ነው። ሰዉም አልተሳሳተም። ለሕፃን ገላ፣ ለአራስ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ለሚጣደፍ ሰው ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። የሚገጥመው ባለሙያ ይመጣል፣ ውሃውን ያገናኛል፣ የጋዙን ጎማ ያጠብቃል፣ ቆርቆሮውን በመሮ ፈልፍሎ ቱቦውን ወደ ላይ ይሰድዳል፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጊዜው በጋ ከሆነ ማንም ቀና ብሎ ቀዳዳውን አያይም። ቀዳዳው የሚታወቀው ሐምሌ ላይ ነው።

አባቶቻችን በሣር ቤት ሲኖሩ ይህ ጣጣ አልነበረባቸውም። ጭሱ በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል፤ ዝናቡ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ አንዱ ክዳን ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። (ዓይን ማቃጠሉና ሳል ማምጣቱ እንዳለ ሆኖ ነው፤ የሣር ቤት ናፍቆን አይደለም።) ቆርቆሮ ግን ዝናብም አያስገባም፣ ጭስም አያሳልፍም። ስለዚህ ጭስ የሚወጣበትን ቀዳዳ በገዛ እጃችን መብሳት ግድ ሆነ፤ የበሳነውን ቀዳዳ ከዝናብ መጠበቅም የእኛው ዕዳ ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የሚናገረው ከሰው ሰምቶ አይደለም። ካቻምና እኔው ቤት የደረሰ ነው። ማሞቂያውን ያስገጠምነው ጥር ላይ ነበር። የገጠመልን ሰው በቱቦው ዙሪያ ሲሚንቶ ለጥፎ «ይኼ በቃ ለዘላለም ነው» ብሎን ሄደ። ሰኔ ላይ ሲሚንቶው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀና ውሃው ቱቦውን እየታከከ መታጠቢያ ቤት ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ የሠፈር ልጅ ሬንጅ አፍልቶ ወጥቶ ቀባልን። ሬንጁ ማሞቂያው በበራ ቁጥር እየለሰለሰ፣ ሌሊት እየደረቀ፣ በሳምንቱ ከቱቦው ተላቀቀ። እንደገና ተቀባ፤ እንደገና ተላቀቀ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል ውሃው ማሞቂያው ላይ መውረድ ስለጀመረ፣ ዝናቡ ሲያባራ እኔው ራሴ መሰላል ይዤ ወጣሁና ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በቱቦው አፍ ላይ ደፋሁበት። ነፋስ እንዳይጥለው ብዬም በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። ጠብታው ቀጥ አለ። ከመሰላሉ ስወርድ የተሰማኝን ኩራት አልደብቃችሁም።

በማግሥቱ ማታ ልጆቹ ተራ በተራ ታጠቡ። ትንሿ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ታላቋን አስመለሳት። እናቴ የሚተኙት እዚያው ግድግዳ ተጋርቶ ካለው ክፍል ውስጥ ነው፤ እሳቸውም «ራሴን» አሉ። እኔም ጉልበቴ ዛለ። «ምች ነው» ተባለ። ዳማከሴ ተቆርጦ መጣ፤ ታሸ፣ ተጨመቀ፣ ተሸተተ፣ በቡና ተጠጣ። ብርድ እንዳይገባባቸው ተብሎም መስኮቱ ተዘጋ! ዳማከሴ ምን ያድርግ፤ የምች እንጂ የዘይት ቆርቆሮ መድኃኒት አይደለም። ያዳነን አንዲት ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ናት። ልትጠይቀን ብቅ አለችና አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብላ አይታ «ምች አንድ ቤት ገብቶ አራት ሰው በአንድ ማታ ይመታል እንዴ?» አለች። በርና መስኮቱን አስከፈተች፣ ማሞቂያውን አስጠፋች፣ እናቴን ሳይቀር በጋቢ ጠቅልላ ሁላችንንም ወደ ግቢ አስወጣችን። ከዚያም ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ውጭ ትንሽ እንደቆየን የልጆቹ ራስ ምታት ቀለል ማለት ጀመረ። ጤና ጣቢያ ደርሰን የሰማነው ቃል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዝ በቂ አየር አግኝቶ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። አየር ሲያጥረው፣ ወይም የራሱ ጭስ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ሲያፍነው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሰው እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙዎቻችን «ጋዝ ቢኖር ይሸተን ነበር» እንላለን። የሚሸተን ከሲሊንደሩ ወይም ከጎማው የሚያመልጠው ያልተቃጠለው ጋዝ ነው፤ እሱም ሽታው የራሱ ሳይሆን ሰው እንዲነቃበት ተብሎ የተጨመረበት ነው። ጋዙ ሲቃጠል ያ ሽታ አብሮ ይቃጠላል። ስለዚህ በቱቦው መውጣት የነበረበት መርዝ ቤት ውስጥ ሲቀር አፍንጫችን ምንም አይነግረንም። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው ተኝተው ሳይነሡ ስለቀሩ ሰዎች ሁላችንም ሰምተናል፤ የከሰሉም የጋዙም ገዳይ አንድ ነው።

ከዚሁ ጋር ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። የሚንጠባጠበው ሁሉ የዝናብ ውሃ አይደለም። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። እንግዲህ 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር እስኪያልቅ ድረስ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ውሃ በዚያች ቱቦ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ቱቦው ሞቆ በደንብ ሲስብ እንፋሎቱ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ይበተናል። ቱቦው ረጅምና ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ወይም አፉ ከተደፈነ ግን እዚያው ውስጡ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። በጠራራ ፀሐይ ከቱቦው ሥር ውሃ ካያችሁ ቆርቆሯችሁን አትውቀሱ፤ ቱቦው አልሳበም ማለት ነው። ያንን ውሃ የዝናብ መስሎት አፉን ይበልጥ የሚደፍን ሰው በሽታውን በበሽታ እያከመ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመርብናል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጥ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የተሠራ ማሞቂያ እዚህ መጥቶ ሲሰቀል የሚበቃውን አየር አያገኝም። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑ ይቀርና ቢጫ ይሆናል፤ ጥላሸትም ይይዛል። ስለዚህ የሚገዛ ሰው ማሞቂያው ለከፍተኛ ቦታ የሚስተካከል መሆኑን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቁጠር፤ ቢጫ ነበልባል ያየም ዛሬ ነገ ሳይል ባለሙያ ይጥራ። ስለ ቱቦ እያወራን ይህን ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋዙ ከመነሻው በደንብ በማይቃጠልበት ቤት የቱቦው መደፈን ጥፋቱ እጥፍ ነው።

ወደ ጣሪያው እንመለስ። ከዚያ ማታ በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር የዘይት ቆርቆሮውን ማውረድ፣ ማሞቂያውንም ቱቦው በወጉ እስኪሠራ ድረስ መዝጋት ነበር። ሁለተኛው ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ ሽማግሌ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ማምጣት ነው። አባባ ጣሪያው ላይ ወጥተው የሬንጁን ክምር ሲያዩ ሳቁ። «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ያለበስከው ብርድ ይዞት ነው?» አሉኝ። ቀጥለው የተናገሩት ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ «ውሃን የሚመልሰው አደራረብ ነው። ማጣበቂያ ረዳት ነው እንጂ ዋና ሠራተኛ አይሆንም።»

እውነታቸውን ነው። ጣሪያችን ራሱ ውሃ የማያስገባው የላይኛው ቆርቆሮ በታችኛው ላይ ስለተደረበ ነው እንጂ በመካከሉ ሬንጅ የቀባበት ማንም የለም። ቱቦው የሚወጣበት ቦታም ሕጉ ይኸው ነው። አባባ ከላሜራ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ቆርጠው መካከሉን በሱ፤ በላዩም እንደ ቀሚስ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ አንገት በብየዳ አያያዙበት። የጠፍጣፋውን የላይኛውን ጠርዝ ከላይ በኩል ባለው ቆርቆሮ ሥር ከተቱት፤ የታችኛውን ጠርዝ ደግሞ ከታች በኩል ባለው ቆርቆሮ ላይ አሳረፉት፤ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት የቆርቆሮ ጀርባ አልፎ እንዲቀመጥ አደረጉ። ከላይ የሚመጣው ውሃ ጠፍጣፋው ላይ ተሳፍሮ፣ ቱቦውን በጎንና በጎን አልፎ፣ ወደ አሸንዳው ይወርዳል።

የብዙ ሠራተኛ ስሕተት እዚህች ላይ ነው። ላሜራውን ያመጣና አራቱንም ጠርዝ ከላይ ለጥፎ በሚስማር ይመታዋል። ያኔ የላይኛው ጠርዝ ግድብ ይሆናል። ውሃው እየመጣ ይቆማል፣ ቅጠልና አቧራ ይከማቻል፣ ውሎ አድሮ በሥሩ ይገባል። ሬንጁም ሲሊኮኑም በየዓመቱ የሚያልቀው ከዚህ ግድብ ጋር በከንቱ ሲታገል ነው። ቀዳዳው ለጣሪያው አናት ቅርብ ከሆነ ደግሞ ላሜራውን እስከ አናቱ አድርሶ በአናቱ ክዳን ሥር መክተት ከሁሉ ይሻላል፤ ከበላዩ የሚመጣበት ውሃ ጨርሶ አይኖርምና። ሚስማሩ ከነጎማው በቆርቆሮው ጀርባ ላይ ይመታል እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ውስጥ አይመታም። ይህን የማያውቅ የለም ትሉ ይሆናል፤ ከእኔ ጣሪያ ግን ቦይ ውስጥ የተመቱ አምስት ሚስማሮች ተነቅለዋል።

አንገቱን ከቱቦው ጋር አልበየዱትም። ይህ መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ግን ሲሚንቶው ለምን እንደተሰነጠቀ ገባኝ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። የአንድ ሜትር የብረት ቱቦ ሙቀት በ150 ዲግሪ ሲጨምር ቱቦው ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ሁለት ሚሊ ሜትር ምናምኒት ትመስላለች፤ በቀን አራት አምስት ጊዜ ስትመላለስ ግን በዙሪያዋ የተለጠፈ ሲሚንቶ አይችላትም። ስለዚህ ቱቦው በአንገቱ ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ከአንገቱ ከፍ ብሎ ቱቦው ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ክብ ላሜራ ይታሰራል፤ እሱም አንገቱን ከነክፍተቱ ከልሎ ዝናቡን ወደ ውጭ ይጥለዋል። ሲሊኮን ሥራ የሚኖረው ይህ ጃንጥላ ቱቦውን በሚነካበት ቀለበት ላይ ነው፤ ያም ሙቀት የሚችለው ዓይነት ሲሆን ነው። ከሥሩ ባለው ክፍተት ጨርቅ፣ ፌስታል ወይም ስፖንጅ መወተፍ ፈጽሞ አይገባም።

የመጨረሻው ቆቡ ነው። ቱቦ ቆብ ያስፈልገዋል፤ ለዝናቡ ብቻ ሳይሆን ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበትም። ነገር ግን ቆብና ክዳን አንድ አይደሉም። ክዳን ይዘጋል፣ ቆብ ይከልላል። በቱቦው አፍና በቆቡ መካከል ዙሪያውን ክፍት መኖር አለበት፤ ቁመቱም የቱቦውን ስፋት ግማሽ ያህል ቢሆን መልካም ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቱቦ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። እኔ የደፋሁበት የዘይት ቆርቆሮ ክዳን ነበር።

ከፍታውም ይታሰብበት። ከቆርቆሮው ጋር ተካክሎ የቀረ፣ ወይም ከፍ ያለ ግድግዳ ሥር የተሸጎጠ ቱቦ ነፋስ ሲነፍስ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል። በአሜሪካ የጋዝ ደንብ ተደራቢ ግድግዳ ያለውና በደረጃው የተሠራ ቆብ የተገጠመለት ቱቦ ተዳፋቱ ቀለል ባለ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ከጣሪያው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ እንዲል፣ ከጎኑ ካለ ግድግዳም 2.4 ሜትር እንዲርቅ ይጠየቃል። «በዚህ በተጠጋጋ ግቢ 2.4 ሜትር ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም። ርቀቱ ከሌለ ቱቦውን ከግድግዳው አናት በላይ አሳልፎ ማውጣት ነው። በጎን አውጥቶ የጎረቤት መስኮት ሥር መልቀቅ ግን መፍትሔ አይደለም፤ መርዙን ለጎረቤት ማውረስ ነው። ባለፈው በጋ በዚህ ምክንያት ሁለት ቤተሰቦች ተኳርፈው ሽማግሌ ገብቶ እንዳስታረቃቸው የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከኮርኒስ በላይ ያለውን ደግሞ ማንም አያየውም። አሮጌ ቤቶቻችን ውስጥ ቀለም የተቀባ አቡጀዲ ኮርኒስ ዛሬም አለ። ባለ አንድ ላሜራ ቱቦ በጣም ስለሚግል ከእንጨትም ከጨርቅም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ አቡጀዲው ቱቦውን ታክኮት ካለ ያ ነገር ክብሪት ነው። ኮርኒሱ የተቀደደበትን ዙሪያ በላሜራ ክፈፍ መዝጋት እንጂ በማዳበሪያ ከረጢት መጠቅጠቅ አይደለም። ኮርኒስ ውስጥ የቱቦው መጋጠሚያ ቢላቀቅ ጭሱ እዚያው ይቀርና ቀስ ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ይወርዳል፤ ስለዚህ ቱቦው በተቻለ መጠን ቀጥ ብሎ፣ መጋጠሚያው አንሶ፣ በብሎን ታስሮ ይውጣ። በአንዳንድ ግቢ ለፍሳሽ የሚሆነው ፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ሥራ ሲውል አይተናል። ያ ፕላስቲክ ሙቀቱ 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መልፈስፈስ ይጀምራል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ማሞቂያ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጥ ይሞቃል። ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛ አይደለም።

ቱቦው መሳቡን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በሁሉም ቤት ዕጣን አለ። ማሞቂያውን አብርታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ፤ ቱቦው ከማሞቂያው አናት በሚነሣበት ክፍት ቦታ አጠገብ የሚጨስ ዕጣን ያዙ። ጭሱ ወደ ውስጥ ተስቦ ከገባ ቱቦው እየሠራ ነው። ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ማሞቂያውን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ እስኪሠራም አታብሩት። ቡና በሚፈላበት ቀን ሁሉ ቢሞከር ማንንም አይጎዳም። ደግሞም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው፣ ከዛለ፣ ውጭ ሲወጣም ከተሻለው የምች ነገር አይደለም፤ ሰዉን ሁሉ አስወጥቶ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ይህን ሁሉ የሚከፍለው ማነው? በሠፈራችን ብዙው ማሞቂያ ያለው አከራዮች ለተከራይ በሠሯቸው ሰርቪስ ቤቶች ውስጥ ነው። ተከራዩ ጣሪያው ሲያፈስስበት ለባለቤቱ ይናገራል፤ ባለቤቱ «ክረምቱ ይለፍና» ይላል፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ተከራዩ ራሱ ወጥቶ የሆነ ነገር ይወትፍበታል። ደጋግሞ እንዳይናገር ኪራይ ይጨመርብኛል፣ ውጣ እባላለሁ ብሎ ይፈራል። እኛ አቋማችን ግልጽ ነው። ቆርቆሮው የባለቤቱ ነው፤ ቆርቆሮውን ቀድዶ የወጣው ቱቦም የባለቤቱ ነው። ማሞቂያውን ተከራዩ ገዝቶ አስገብቶት ቢሆን እንኳ ጣሪያ እንዲቀደድ የፈቀደው ባለቤቱ ስለሆነ የቀዳዳው ኃላፊነት ከእሱ አይወርድም። ማሞቂያው ካለ ቱቦው በወጉ ይሠራ፤ ካልተሠራ ማሞቂያው ይነሣ። በመሃል የሚቀር መንገድ የለም። ይህን ስንል አከራዮችን ለማስከፋት አይደለም፤ አብዛኞቹ የማኅበሩ አባላት ናቸው፣ ይህን የሚጽፈውም ሰው አንዲት ሰርቪስ ቤት ያከራያል። የተከራዬን ቱቦ ያየሁት ግን የራሴን ቤት ከደረሰብኝ በኋላ ነው፤ እሷም ቆብ አልነበራትም። ሴትዮዋ አንድ ዓመት ሙሉ ነግራኝ ኖሮ «እሺ» እያልኩ አልፌዋለሁ።

ወጪውም የሚያስፈራ አይደለም። ለአንድ ቤት የሚያስፈልገው የላሜራ ቁራጭ፣ ጥቂት ሚስማር፣ አንድ ቱቦ ሲሊኮንና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚከብደው ቀጥቃጩን ለአንድ ቀዳዳ ብቻ ከመርካቶ ማምጣቱ ነው። ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ ሐሳብ ያቀርባል፤ ላሜራው በጅምላ ተገዝቶ፣ ቀጥቃጩ ሁለት ሦስት ቀን እዚሁ ሠፈር ውሎ የሁሉንም ቱቦ በተራ እንዲሠራ፣ ሂሳቡንም እያንዳንዱ ባለ ጣሪያ በየድርሻው እንዲከፍል። ባንዴ መክፈል ለማይችሉ አረጋውያን ከእድሩ ተበድሮ በየወሩ የሚቆረጥበት መንገድ ይፈለግ ያሉ አባላት አሉ። «የእድር ገንዘብ ለሐዘን ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ሐዘኑ ሳይመጣ ለምን አይወጣም የሚለው ጥያቄ ደግሞ በስብሰባው ላይ መልስ ይፈልጋል።

እስከዚያው የሁሉም ሰው የቤት ሥራ አንድ ነው። በዚህ በደረቁ ወር፣ ዝናብ ሳይጀምር፣ የቱቦውን አፍ ወጥቶ ማየት። የተደፋ ቆርቆሮ፣ የታሰረ ፌስታል፣ የወፍ ጎጆ ካለ ማንሣት። ይህ ላሜራም ቀጥቃጭም አይጠይቅም። የእኔው አንገት፣ ጃንጥላና ቆብ ከተሠራለት ወዲህ አንድ ሙሉ ክረምት አልፎበታል፤ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ዕጣኑም ወደ ላይ ይሳባል። ማየት የሚፈልግ ሰው ከሥራ መልስ መጥቶ ማየት ይችላል።

የማኅበሩ መሰላል ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ዘበኛውን ጠይቆ፣ ስሙን አስመዝግቦ መውሰድ ይቻላል። ብቻችሁን አትውጡ፤ ሥሩን የሚይዝ ሰው ይኑር። ሁለተኛው መሰላል ካለፈው መስከረም ጀምሮ ስላልተመለሰ፣ የወሰደው ሰው ሰኔ ሳይገባ ቢመልስልን ደስ ይለናል።